የተሰበሩ መስኮቶችና በሮች በአስቸኳይ ስለመሸፈናቸው ለወላጆች የተላከ ደብዳቤ

ለተማሪዎቻችን ወላጆችና አሳዳጊዎች በሙሉ
ጎንደር

ጉዳዩ፦ በነፋስና በበረዶ የተጎዱ የመማሪያ ክፍል መስኮቶችና በሮች በጊዜያዊነት መሸፈናቸውን ስለማሳወቅና ትብብር ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ ወላጆችና አሳዳጊዎች፣

ባለፈው ማክሰኞ ከቀኑ 8 ሰዓት ተኩል ገደማ በከተማችን የጣለውን በረዶ የቀላቀለ ዝናብና አብሮት የመጣውን ነፋስ ሁላችሁም ታስታውሱታላችሁ። በግንቦት ወር ጠዋት ብራ ውሎ ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ድንገት መጥቆሩ ለጎንደር ሰው አዲስ ነገር አይደለም፤ የዚያን ዕለቱ ግን በትምህርት ቤታችን ላይ ከወትሮው የከፋ ጉዳት አድርሷል። በስምንት የመማሪያ ክፍሎች 41 መስታወቶች ተሰብረዋል፤ ሦስት በሮች ከጥቅም ውጭ ሆነዋል። በዕለቱ ከተማሪዎቻችንም ሆነ ከመምህራኖቻችን መካከል አንድም ሰው ስላልተጎዳ ፈጣሪ ይመስገን። በማግስቱ ግን አንድ ተማሪ ተጎድቶብናል፤ ይህንንም ከዚህ በታች ሳልሸሽግ እገልጻለሁ።

ከሁሉም በላይ የተመታው የ3ኛ ክፍል መማሪያ ነው። በረዶው በቆርቆሮው ጣሪያ ላይ ሲወርድ የመምህርቷ ድምፅ ከፊት ወንበር እንኳ አልሰማ ስላለ፣ ልጆቹን በእጇ ምልክት እየሰጠች ከመስኮቱ ራቅ ወዳለው ግድግዳ ሰብስባ፣ ጀርባቸውን ለመስኮቱ እንዲሰጡና ፊታቸውን በደብተራቸው እንዲከልሉ አደረገች። ጥቂት ቆይቶ የመጀመሪያው መስታወት ወደ ውስጥ ረገፈ። ዝናቡ ካባራ በኋላ ወደ ክፍሉ ስገባ ጣት የሚያህል ስባሪ በአንድ ዴስክ ላይ ክፍት በቀረ ደብተር ውስጥ ተሰክቶ አየሁ። በዚያ ዴስክ ላይ የምትቀመጠው ልጅ በዚያች ሰዓት ከመምህርቷ አጠገብ ቆማ ነበር። መምህርቷ ላሳየችው ብልሃት በእናንተም ስም ምስጋናዬን አቅርቤላታለሁ።

በማግስቱ ረቡዕ ጠዋት የደረሰው ጉዳት የእኛ የአስተዳደሩ ጥፋት ነው። ማክሰኞ ማምሻውን የክፍሎቹን ወለል ጠርገን አጽድተን ስንሄድ፣ ከመስኮቶቹ ሥር በውጭ በኩል ባለው ጭቃ ውስጥ የተቀበረውን ስባሪ አላሰብነውም። ኮንጎ ጫማ ያደረገ አንድ የ4ኛ ክፍል ተማሪ በዚያ ሲያልፍ ጎን እግሩን ቆርጦታል። ወዲያውኑ ጤና ጣቢያ ተወስዶ ቁስሉ ተሰፍቷል፤ የመንጋጋ ቆልፍ መከላከያ ክትባትም ተሰጥቶታል፤ አሁን በመልካም ሁኔታ ላይ ይገኛል። ቤተሰቡን በአካል ተገኝቼ ይቅርታ ጠይቄያለሁ። ከዚያ ወዲህ ከመስኮቶቹ ሥር ሁለት ሜትር ያህል ስፋት ያለው አፈር በአካፋ ተነሥቶ ተወግዷል፤ የክፍሎቹም ወለል በመጥረጊያ ከተጠረገ በኋላ ዓይን የማያየው ደቃቅ ስባሪ እንዳይቀር በእርጥብ ጨርቅ ደጋግሞ ተወልውሏል፤ ጨርቁም ታጥቦ አልተመለሰም፣ ከስባሪው ጋር ተጥሏል።

አንዳንዶቻችሁ ሙሉ ጥገናው እስኪደረግ ድረስ መስኮቶቹ እንዲሁ ቢቆዩ ምን ችግር አለው ብላችሁ ጠይቃችሁኛል። ዝናቡና ብርዱ የሚታይ ችግር ነው፤ እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ ግን የማይታየው ነው። ነፋሱ በሚመታው ግድግዳ ላይ አንድ መስኮት ሲሰበር ነፋሱ ወደ ክፍሉ ይገባና መውጫ ያጣል። ያን ጊዜ በውስጥ የታፈነው አየር ጣሪያውን ከሥር ወደ ላይ፣ የቀሩትን መስኮቶችና በሩን ደግሞ ወደ ውጭ ይገፋል፤ በላይ በኩል የሚያልፈውም ነፋስ ቆርቆሮውን ወደ ላይ ስለሚስበው ሁለቱ ኃይሎች ተባብረው ጣሪያ እስከ ማንሣት ይደርሳሉ። ማክሰኞ ዕለት በ3ኛ ክፍል የሆነው የዚሁ መጀመሪያ ነበር፤ በአንዱ በኩል ያለው መስታወት እንደተሰበረ በተቃራኒው በኩል ያለው በር ወደ ውጭ ተበርግዶ ከነማጠፊያው ተነቅሏል። ሰኔ ሊገባ ነው፣ ሐምሌና ነሐሴም ከኋላው አሉ፤ ስለዚህ ክፍት መስኮት ይዘን አንድ ሳምንት እንኳ መቆየት አልፈለግንም።

ሥራው የተጀመረው ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ሲሆን ዛሬ ሐሙስ አብዛኛው ተጠናቋል። በመጀመሪያ በመስኮቶቹ ክፈፍ ላይ ተንጠልጥሎ የቀረው መስታወት፣ የቆዳ ጓንትና የዓይን መከላከያ ባደረጉ ሠራተኞች፣ ከላይ ተጀምሮ ወደ ታች ተነቅሏል። ቅደም ተከተሉን የማነሣው በየቤታችሁም ሊያጋጥማችሁ ስለሚችል ነው፤ ከታች የጀመረ ሰው የላይኛው ስባሪ በክንዱ ላይ ሊወርድበት ይችላል። ለመሸፈኛ በርካሽ የሚገኘው አሮጌ ቆርቆሮ ነበር፤ ይሁን እንጂ ጠርዙ ልጅ ስለሚቆርጥና በነፋስ እየተንኳኳ ትምህርት ስለሚያውክ ትተነዋል። ቺፕውድም ርጥበት ሲነካው ስለሚያብጥና ስለሚፈረፈር ለክረምት አይሆንም። የመረጥነው 12 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ኮምፔርሳቶ (ስስ እንጨቶች ተደራርበው የተጣበቁበት ጣውላ) ነው። ከእንጨት መቃን ጋር በሚስማር ሳይሆን በብሎን ታስሯል፤ ሚስማር ነፋስ ሲያንገጫግጨው ቀስ በቀስ ይላላል፣ ሲነቀልም መቃኑን ይሰነጥቃል። የብረት ክፈፍ ባላቸው መስኮቶች ላይ ደግሞ በውስጥ በኩል ሞራሌ (ባለ አራት ማዕዘን ረጅም እንጨት) አግድም ተጋድሞ፣ ኮምፔርሳቶውና ሞራሌው በረጅም ብሎን ተሳስረው ክፈፉን ከሁለት በኩል ይዘውታል። በዚህ መንገድ ብረቱም ግድግዳውም አልተበሳም። የብሎኑ ድቡልቡል ራስ በውጭ፣ የሚፈታበት ጫፉ በውስጥ በኩል ስለሆነ ሌሊት ከውጭ ፈትቶ መግባት አይቻልም። ዝናብ ከጀርባው እንዳይወርድም በእያንዳንዱ ሽፋን የላይ ጠርዝ ላይ ላስቲክ ተደርቧል።

በር ግን እንደ መስኮት የሚታሸግ ነገር አይደለም። በዚህ ጉዳይ ላይ ከጥበቃ ሠራተኞቻችንና ከአንዳንድ የወላጅ ተወካዮች ጋር ረዘም ያለ ውይይት አድርገናል። ሁለት በር ባላቸው ክፍሎች የተጎዳው በር በጣውላ ተመትቶ ይዘጋ፣ ሌብነትም ይቀንሳል የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር፤ ሐሳቡ ለትምህርት ቤቱ ንብረት ከመቆርቆር የመነጨ እንደነበረ አውቃለሁ። ሆኖም 60 ልጆች በተቀመጡበት ክፍል እሳት ቢነሣ ወይም ጣሪያ ቢወድቅ ሁሉም በአንድ በር ሊወጡ ሲጋፉ የሚደርሰው ጉዳት ከማንኛውም ንብረት ስለሚበልጥ አልተቀበልኩትም። በሁለቱ ክፍሎች ላይ ወደ ውጭ የሚከፈት ጊዜያዊ የጣውላ በር ተገጥሟል፤ ተማሪዎች በውስጥ ባሉበት ሰዓት በማንኛውም በር ላይ ከውጭ በኩል ቁልፍም ሆነ መቀርቀሪያ እንዳይደረግ ለሁሉም ሠራተኞች በጽሑፍ ተነግሯል። በራቸው ከተጎዳው ክፍሎች የቀረችው፣ ያላት በር አንድ ብቻ የሆነችው ክፍል ግን መቃኗ ጭምር ስለተሰበረ ሙሉ በሙሉ ታሽጋለች። ቋሚ በር እስኪገጠምላት ድረስ ማንም ተማሪ አይገባባትም።

የሚያስጨንቀኝ ሌላው ነገር ብርሃንና አየር ነው። መስኮቶቹ በሙሉ በኮምፔርሳቶ ቢሸፈኑ ክፍሉ ከነፋስ ይድናል፤ ልጆቹ ግን ሰሌዳውን አያዩም፤ በታፈነ ክፍል ውስጥ ደግሞ ጉንፋንም ሆነ የሳንባ ነቀርሳ በቀላሉ ይዛመታል። ስለዚህ በእያንዳንዱ ክፍል የመስኮቶቹ የታችኛው ክፍል ብቻ በኮምፔርሳቶ ተሸፍኖ፣ የላይኛው በእንጨት ክፈፍ ላይ በተወጠረ ወፍራም ብርሃን አሳላፊ ላስቲክ ተዘግቷል፤ በተቃራኒ ግድግዳዎች ላይም ለአየር መግቢያና መውጫ የሚከፈቱ ሁለት መስኮቶች ተትተዋል። እንዲህም ሆኖ ክፍሎቹ ከቀድሞው የጨለሙ ናቸው። መብራት በሚጠፋበት ጊዜ ሻማም ሆነ ኩራዝ በክፍል ውስጥ አይበራም፤ በዚያ ሰዓት መምህራን ከጽሑፍ ይልቅ በቃል እንዲያስተምሩ ተስማምተናል። ልጃችሁ የማየት ችግር ካለበት፣ እስካሁን ባትነግሩንም እንኳ፣ አሁን ለክፍል ኃላፊው መምህር ብታሳውቁ የፊት ወንበር ይሰጠዋል።

ከሚቀጥለው ሰኞ ጀምሮ፣ ክፍሎች ስላነሱን፣ ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል ያሉ ተማሪዎች በጠዋት፣ ከ5ኛ እስከ 7ኛ ያሉት ደግሞ በከሰዓት ፈረቃ ይማራሉ። በዚህ ወቅት ነጎድጓዱና በረዶው የሚበረታው ከሰዓት በኋላ በመሆኑ ትንንሾቹን በጠዋት አድርገናል። የ8ኛ ክፍል ተማሪዎች ክልል አቀፍ ፈተና ስለደረሰባቸው ጉዳት ባልደረሰበት ሕንፃ በቀድሞው ሰዓታቸው ይቀጥላሉ። ሁለቱም ወላጆች ሥራ የሚውሉባቸውና በከሰዓት ልጅ የሚጠብቅ ሰው የሌላቸው ቤተሰቦች እንዳሉ ስለማውቅ፣ እንዲህ ያለ ችግር ያለበት ወላጅ ወደ ቢሮዬ ቢመጣ መፍትሔ እንፈልግለታለን።

በቤት በኩል የምንለምናችሁ ጥቂት ነገር ነው። ለሚቀጥሉት ሁለት ሳምንታት ልጆቻችሁ በተቻለ መጠን እግር የሚሸፍን ጫማ አድርገው ይምጡ፤ እንዲህ ያለ ጫማ ለሌላቸው ልጆች የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ህብረቱ በማሰባሰብ ላይ ስለሆነ በዚህ ምክንያት ማንም ልጅ ከትምህርት አይቅር። የተሰበረ መስታወት ፀሐይ ሲመታው ስለሚያብረቀርቅ የልጅ ዓይን ይስባል፤ ትናንት ከአንድ የ2ኛ ክፍል ተማሪ ኪስ ውስጥ በወረቀት የተጠቀለሉ አራት ስባሪዎች አግኝተናል፤ «አልማዝ ነው» ብሎ ነው የሰበሰበው። እባካችሁ ኪሳቸውንና ቦርሳቸውን ፈትሹ። መስታወት የወጋው ልጅ ቢኖርና ስባሪው ጠልቆ ከገባ፣ በቤት ውስጥ ለመንቀል አትሞክሩ፤ ደሙን ለማቆም በስባሪው ላይ ሳይሆን በዙሪያው በንጹሕ ጨርቅ ተጭናችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

ወጪን በተመለከተ፣ የኮምፔርሳቶው፣ የሞራሌውና የብሎኑ ግዢ በወላጅ፣ ተማሪና መምህር ህብረት ውሳኔ ከትምህርት ቤቱ የድጎማ ገንዘብ ተሸፍኗል። ለቋሚ ጥገናው የሚያስፈልገው ከዚህ በእጅጉ ስለሚበልጥ ለሚመለከተው የትምህርት ጽሕፈት ቤት የጉዳቱን ዝርዝር ከፎቶግራፍ ጋር አቅርበናል። ይህ ትምህርት በነጻ የሚሰጥበት የመንግሥት ትምህርት ቤት ስለሆነ መዋጮ የሚደረገው በፈቃድ ብቻ ነው፤ ገንዘብ አላመጣህም ተብሎ ከበር የሚመለስ ተማሪ አይኖርም፤ እንዲህ ያለ ነገር ከሰማችሁ በቀጥታ ለእኔ ንገሩኝ።

ቋሚ ጥገናው በክረምቱ የዕረፍት ጊዜ ተሠርቶ ለመስከረም እንዲደርስ አቅደናል። መስታወት ብቻ ለውጠን ብንተው ግን በሚቀጥለው ዓመት በግንቦት ይህንኑ ደብዳቤ መልሼ የምጽፍላችሁ ይመስለኛል። ከተሰበሩት አብዛኞቹን ከብረቱ ጋር ይዟቸው የነበረው ስቱኮ በዕድሜ ብዛት ደርቆና ተሰነጣጥቆ ነበር፤ በጋውን ሙሉ ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ሲንገጫገጩ እሰማቸው ነበር፤ ያን ጊዜ ስቱኮውን ማሳደስ ነበረብኝ። አሁን ህብረቱ እየተወያየበት ያለው ሐሳብ፣ አዲሶቹ መስታወቶች በአዲስ ስቱኮ ከተገጠሙ በኋላ፣ ነፋስ በሚበዛበት በኩል ባሉት መስኮቶች ላይ በውጭ በኩል የእንጨት መዝጊያ እንዲጨመር ነው። በጎንደር ነባር ቤቶች መስኮት ማለት ሁለት ተካፋች የእንጨት መዝጊያ ነበር፤ ደመና ሲጠቁር ይዘጋል፣ ሲያልፍ ይከፈታል። ከእናንተ መካከል ይህን ሥራ ከአባቶቹ የተማረ አናጺ ካለ ምክሩን ለመስማት እንፈልጋለን።

የቀረውን ሥራ ለመጨረስ በዚህ ቅዳሜ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ድረስ በትምህርት ቤቱ ግቢ እንሰባሰባለን። ቅዳሜ የገበያ ቀን መሆኑን አውቃለሁ፤ እሁድን ግን ለመጠየቅ አልደፈርኩም። አንድ ሰዓት ብቻ ሰጥቶ ወደ ገበያው ለሚሄድም ምስጋናችን ያው ነው። የሚያስፈልጉን ሁለት መሰላል፣ መጋዝ፣ የብሎን መፍቻ፣ ትራፓኖ (የኤሌክትሪክ መብሻ) ያለው ሰውና አፈር የሚያነሡ ጠንካራ እጆች ናቸው፤ ጓንት ያላችሁ ይዛችሁ ኑ። ልጆች ግን በዚያ ዕለት ከእናንተ ጋር እንዳይመጡ አደራ እላለሁ። በዝናብ ምክንያት ቅዳሜ መሥራት ካልተቻለ የተለወጠው ቀን በግቢው በር ላይ ይለጠፋል።

ከሰላምታ ጋር
የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር