ያቺ አንዲት ሰዓት

ወንድሜ፣ እንደምን ከርመሃል?

ሁለት ዓመት ድምፄን አጥፍቼ ሲቸግረኝ ብቅ ማለቴን ታውቅብኛለህ። ስድቡን ለመልስህ አቆይልኝና ይቅር በለኝ። ልደውል ነበር፤ አፈርኩ።

ሰው በሐሰት ከስሻለሁ።

ባለፈው ሳምንት ሌሊት ላይ ከማከማቻችን መረጃ ጠፋ። በየአገሩ የተበተኑትን ሰርቨሮች ሎግ፣ ማሽኖቹ የሠሩትን ከነሰዓቱ የሚጽፉበትን መዝገብ፣ በአንድ ቦታ ሰብስቤ በሰዓት ደረደርኩት። አብራን የምትሠራው ልጅ ትርፍ መረጃ የሚሰርዘውን የጽዳት ፕሮግራሟን ያስነሳችው 01:50 ላይ ነው፤ የለንደኑ ሰርቨር የመጀመሪያውን ስሕተት የመዘገበው 02:20 ላይ። ሌላ ምን ማስረጃ ያሻል? ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት «ያጠፋሽው አንቺ ነሽ» አልኳት። አልተከራከረችኝም። ራሷም አመነችኝ፤ የሚያንገበግበኝ ይኸው ነው።

እውነቱ የተገለጠልኝ ሌላ ነገር ስፈልግ ነው። 01:05:12 ላይ ከእኛ የወጣ ጥያቄ መልሱ ከለንደን 02:05:12 ላይ ተጽፎ አየሁ። ከ30 ሰከንድ በላይ የማይታገሥ ፕሮግራም አንድ ሰዓት ሙሉ ጠበቀ? ያውም ሰከንዷ ሳትዛነፍ? የማሽን ሰዓት ሲበላሽ እንዲህ በልኩ አይሳሳትም፤ በጥቂት በጥቂቱ ነው የሚንሸራተተው። ልዩነቱ ድፍን ሰዓት ከሆነ፣ ወይም እንደ ሕንድ ግማሽ ሰዓት የሚጨምር ከሆነ፣ ነገሩ የሰዓት ቀጠና ነው። የለንደኑ ማሽን የቀጠና ምልክት ሳያኖር በአገሩ ሰዓት ይጽፋል፤ ሎግ ሰብሳቢው ደግሞ ምልክት ያጣበትን ሁሉ ዩቲሲ፣ የዓለም የጋራ መለኪያ ሰዓት፣ ነው ብሎ ይቀበላል። በብርዱ ወራት የለንደን ሰዓትና ዩቲሲ አንድ ስለሆኑ ማንም ልብ አላለውም። ማርች መጨረሻ ላይ እነሱ ሰዓታቸውን በአንድ ሲያስቀድሙ፣ ሎጋችንም አብሮ ሸሸ። ስሕተቱ የጀመረው 01:20 ላይ ነበር ማለት ነው፤ ልጅቱ ምንም ሳትነካ፣ ግማሽ ሰዓት ቀድሞ።

«ሰዓት ሁሉ በዩቲሲ ይጻፍ፣ መጨረሻው ላይ የዩቲሲ ምልክት የሆነችው ዜድ ትኑረው» ስትል «አባ ዜድ» እያልኩ ሳሾፍብህ የነበረውን አስብና ሳቅ። ተፈቅዶልሃል።

ማሽኑን አስተካክያለሁ። የቸገረኝ የአምናው ሎግ ነው። ኦክቶበር መጨረሻ እሑድ ለንደን ሰዓቷን ወደ ኋላ ስትመልስ፣ ከ01:00 እስከ 02:00 ያለው ሰዓት ሁለት ጊዜ ያልፋል። መስመሮቹ የፊተኛው ይሁኑ የኋለኛው ምልክት የላቸውም። በአንዱ ፋይል ሰዓቱ ወደ ኋላ የዘለለበትን ቦታ አግኝቼ ለየሁት። ሌላው ግን ጥቂት መስመር ብቻ ስላለው ዝላዩ አይታይም። የጥያቄ መለያ ቁጥር ያላቸውን ከሌሎች ማሽኖች ጋር አገናኘሁ፤ 11 መስመሮች ቀሩኝ። ልገምት? ወይስ እንዳሉ ትቼ «ሰዓቱ አይታወቅም» ልበል? አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?

ልጅቱ እስካሁን አልሰማችም። ስብሰባው ነገ ነው፤ በሰው ፊት የከሰስኳትን በሰው ፊት ልመልስላት ነው። እውነቱን ልንገርህ፣ ዛሬ ወረቀት ያወጣሁት ለእሷ የምለውን ልጽፍ ነበር። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሲያቅተኝ ወደ አንተ ዞርኩ።

ፋይሉን አያይዤልሃለሁ። ስትመልስ የጻፍክበትን ሰዓት ከነቀጠናው አድርግልኝ።