አንበሳ ዓሣው ደብረ ብርሃን ሊገባ ነው

አንተ ሰውዬ፣ እንዴት ነህ? የጅቡቲ ሙቀት አቀለጠህ ወይስ አለህ?

ዝምታው በዛ፣ ይቅርታ። ጀምሬ የተውኩት ደብዳቤ ብዙ ነው፤ አንዱም የሚላክ አልነበረም። የአንኮበሩን ነገር አላነሳም፣ አንተም አታንሳብኝ። እናትህን ሰሞኑን ሥላሴ ደጅ አግኝቻቸው ነበር። ደህና ናቸው፣ ጉልበታቸውን ብቻ ትንሽ ያማቸዋል። "እሱም አንተም ያው ናችሁ፣ ግትሮች!" ብለውኝ ሄዱ። ምን ልመልስላቸው?

በቃ፣ ይቅርታው ይኸው ነው። እውነቱን ለመናገር የጻፍኩት ጉዳይ ስላለኝ ነው። ታውቀኝ የለ።

ጉዳዩ ዓሣ ነው። ሳቅህን ጨርስና ቀጥል።

አዲስ አበባ አንድ አገር ለቆ የሚሄድ ሰው ዕቃውን ሲሸጥ ትልቅ አኳሪየም ገዛሁ። ርዝመቱ 1 ሜትር ከ80፣ ወርዱም ከፍታውም 60 ሳንቲሜትር። በፍራሽ ተጠቅልሎ በአይሱዙ መጣ። ውስጡ ድንጋይ ገብቶም ወደ 600 ሊትር ውሃ ይይዛል። ቦታ ስለጠበበ አንዱ ሶፋ ጓዳ ገባ፤ ባለቤቴ እንግዳ በመጣ ቁጥር ያንን ሶፋ ታነሳብኛለች።

ደግሞ የጨው ውሃ ነው። ሰው ሁሉ "ከጣና ቆሮሶ አታስመጣም?" ይለኛል። ሌላው "የአፍዴራ ጨው በትንበት፣ ምን ችግር አለው?" ይላል። አለው እንጂ! የወጥ ጨው ሶዲየም ክሎራይድ ብቻ ነው ማለት ይቻላል። የባሕር ውሃ ግን ማግኒዥየሙም ካልሲየሙም ፖታሲየሙም በልኩ አለው። ያንን የሚተካው ለአኳሪየም ተብሎ የሚዘጋጀው ጨው ነው። በሊትር 35 ግራም ብለህ ብታስበው፣ የእኔን ገንዳ ለመሙላት ብቻ 21 ኪሎ ነው። እሱን እንደምንም አዲስ አበባ አገኘሁ። አሁን ውሃው ሞልቷል፣ ቆሻሻ የሚያፈርሰው ባክቴሪያ ድንጋዩ ላይ ተባዝቷል፣ ከቆሻሻ የሚመጡት መርዞች፣ አሞኒያውም ናይትራይቱም፣ ሲለኩ ዜሮ ናቸው። የጎደለው ዓሣው ብቻ ነው።

እንቅልፍ የነሳኝም እሱ ነው።

ትንንሾቹን ባለቀለም ዓሦች አልፈልግም፣ እነሱን ማንም ያሳድጋቸዋል። እኔ የምፈልገው አዳኞቹን ነው። ከዱባይ የሚያስመጣ ነጋዴ ዝርዝሩን ከነፎቶው በቴሌግራም ላከልኝና አንበሳ ዓሣውን ሳየው አለቀልኝ። ላየንፊሽ የሚሉት። አንተ እኮ እዚያው ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ላይ ጎረቤትህ ነው። ክንፉን ሲዘረጋ የጥምቀት ጃንጥላ በለው። ያ ሁሉ ጌጥ ግን መርዝ አለበት፤ 13 እሾህ ጀርባው ላይ፣ 2 ሆዱ ሥር፣ 3 ደግሞ ወደ ጅራቱ በታች በኩል። ከወጋህ ቁስሉን ሳያቃጥል በሚቻለው ልክ በሞቀ ውሃ መንከርና ሐኪም ጋ መሮጥ ነው፣ መርዙ ሙቀት አይወድም። ስለዚህ ክዳኑ ላይ ቁልፍ አሠርቻለሁ፤ ትንሹ ልጄን ታውቀዋለህ፣ እጁ አያርፍም።

የሚገርመው አንበሳ ተብሎ ጠብ አይወድም። አይነክስም፣ አያሳድድም። ብቻ አፉ ውስጥ የሚገባውን ሁሉ ይውጣል፤ የራሱን ቁመት ግማሽ የሚያህል ዓሣ ሳይቀር። ሲያድግ ደግሞ 38 ሳንቲሜትር ድረስ ይሄዳል። እና ከእሱ ጋር የሚኖር ዓሣ ስትመርጥ "ይስማማሉ ወይ?" ብሎ መጠየቅ አይበቃም። "የዛሬ ዓመት አፉ ውስጥ ይገባል ወይ?" ነው ጥያቄው። ነጋዴው የሚልክልኝ ፎቶ ላይ ሁሉም ጣት የሚያካክሉ ናቸው፣ ሁሉም ያሳዝናሉ።

ሁለተኛው ሞሬይ ነው፤ ያ እባብ የሚመስለው። ዓይነቱ ብዙ ነው፤ እኔ የመረጥኩት ስኖውፍሌክ የሚባለውን፣ ነጭ መደብ ላይ ጥቁርና ቢጫ ጠብ ጠብ ያለበትን ነው። እናቴ ፎቶውን አይታ "ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ያሉት ለካ አንተን ነው!" አለችኝ። ይሄኛው ግን ጥርሱ ደነዝ ነው፣ ሸርጣንና ሽሪምፕ ለመሰባበር የተሠራ፤ ዓሣ ላይ ያን ያህል ዓይኑን አይጥልም። ዓይን ስል ደግሞ ዓይኑ ደካማ ነው፣ የሚኖረው በአፍንጫው ነው። አንበሳው ውሃው መሐል ይንሳፈፋል፣ ሞሬዩ ድንጋይ ሥር ይተኛል፣ አይገናኙም። ችግሩ ማምለጥ ይወዳል። ለቱቦ የተተወች ቀዳዳ ትበቃዋለች፣ ጠዋት ወለል ላይ ደርቆ ታገኘዋለህ። ክዳኑን ሦስቴ ነው ያስለካሁት።

ሦስተኛው አዳኝ አይደለም። ፎክስፌስ ይሉታል፣ ቢጫ ነው፣ ፊቱ ጥቁርና ነጭ። አልጌ ነው የሚበላው፣ ጾመኛ በለው። ግን እሱም የጀርባው እሾህ መርዝ ስላለው ጉልበተኞቹ አይደፍሩትም። እናቴ የወደደችው እሱን ብቻ ነው።

ስለ ጾም ካነሳን አይቀር፣ "ሌሎቹ ምን ይበላሉ?" ብላ ጠየቀችኝ። ሽሪምፕና የዓሣ ቁራጭ፣ ከበረዶ ወጥቶ የሟሟ፣ አልኳት። "በየቀኑ?" አይ፣ ትልልቆቹ አዳኞች በየቀኑ ከበሉ ጉበታቸው ስብ ይሞላል፤ በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ይበቃቸዋል። "እንግዲያው ረቡዕና ዓርብ አትስጣቸው" ብላ ተነሳች። ተስማማሁ። ሳይንሱም ሃይማኖቱም አንድ ላይ ሲወጣ ምን ትላለህ? ብቻ አደራ፣ በሕይወት ያለ ወርቃማ ዓሣ እየገዛህ ወርውርላቸው የሚልህን አትስማ። ወርቃማው የጣፋጭ ውሃ ዓሣ ነው፤ ስቡም አይስማማቸውም፣ ቫይታሚን ቢ1ን የሚያፈርስ ነገርም አለበት።

አሁን ወደ ጭንቀቴ ልምጣ። አራተኛ ዓሣ።

ነጋዴው ክላውን ትሪገር ካልወሰድክ እያለ ይጨቀጭቀኛል። ሆዱ ላይ ትልልቅ ነጭ ክብ ክብ ያለበት፣ በጣም ያምራል። ልጅ እያለ ጨዋ ነው፣ ሲያድግ ግን ጎረቤቱን ሁሉ መንከስ ሊጀምር ይችላል፤ የአንበሳው ረጅም ክንፍ ደግሞ ለሱ መጫወቻ ነው። አይሆንም አልኩት። እኔ ራሴ ፓንተር ግሩፐሩን ተመኝቼ ነበር፣ ነጭ ላይ ጥቁር ጠብታ ያለበትን። የሚሸጠው ጣት እያከለ ነው፣ የሚያድገው 70 ሳንቲሜትር ነው። የኔ ገንዳ ወርዱ 60 ነው። መዞር እንኳ አይችልም እኮ! እሱንም ሆዴ እየባባ ተውኩት።

ትንሹ ልጄ ደግሞ ፓፈር ይፈልጋል። ሲደናገጥ የሚነፋው፣ ያ የውሻ ፊት ያለው። ገና ሳይገዛ ቡቺ ብሎ ስም አውጥቶለታል። ቡቺ ብልህ ነው፣ ሰው ይለያል፣ መስታወቱ ጋ መጥቶ ምግብ ይለምናል፤ ልጅ ባይወደው ነበር የሚገርመው። ግን ጥርሱ ዕድሜውን ሙሉ ያድጋል፣ ቅርፊት ያለው ነገር እያቆረጠመ መሞረድ አለበት፣ ከዚያ በተረፈው ጊዜ ደግሞ የአንበሳውን ክንፍ ይቀምሳል። ስለዚህ ወይ ቡቺ ወይ አንበሳው።

"ሁለቱንም አስገባና እየው" የሚሉኝ አሉ። ቦታው ይበቃል ይሉኛል። እዚህ ላይ ነው የሚያናድዱኝ። የሚያነቡት ሁሉ የተጻፈው ባሕር ጠረፍ ለሚኖር ሰው ነው። እኛ ያለነው 2,800 ሜትር ላይ ነው! የአየሩ ግፊት አንተ ካለህበት 70 በመቶ ገደማ ነው፣ ውሃ ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። በዚያ ላይ ውሃው 25 ዲግሪ መሆን አለበት፤ ሙቀትም ጨውም ኦክስጅኑን የባሰ ያሳንሱታል። ማለት የኔ 600 ሊትር ያንተ 600 ሊትር አይደለም። የዓሣውን ቁጥር የሚወስነው ትንፋሹ ነው። አዳኝ ደግሞ ብዙ ይበላል፣ ብዙ ያቆሽሻል፣ ቆሻሻውን የሚያፈርሰው ባክቴሪያም ከዚያችው ኦክስጅን ነው የሚተነፍሰው።

መብራት ሲሄድ አስበው። ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ብርዱ ነው። ብርዱማ መላ አለው፤ እናቴ የመንዝ ባናዋን ሰጥታኛለች፣ የኅዳር ውርጭ ሲመጣ ገንዳውን እጠቀልልበታለሁ። 600 ሊትር ውሃ ቶሎ አይቀዘቅዝም። ፓምፑ ሲቆም ግን የውሃው ፊት ዝም ይላል፣ አየር ማስገባቱን ይተዋል፣ ብርዱ ሳይደርስ ዓሣው ይታፈናል። ለዚያ ብዬ ኢንቨርተርና ባትሪ ገዛሁ። ማሞቂያውን አይችልም፣ ፓምፑን ግን ያዞራል። ባለቤቴ ስለ ባትሪው ዋጋ አታውቅም፣ አንተም አታውቅም።

እና ሦስት ዓሣ። አራት አይሆንም። ይሄን ወስኛለሁ።

ግን እውነቱን ልንገርህ? አንበሳውን ትቼ ቡቺን ልውሰድለት ይሆን እያልኩ ነው። ቡቺ ከሞሬዩና ከፎክስፌሱ ጋር ሊሆን ይችላል፣ ቢቆነጥራቸውም ማምለጫ አላቸው፤ እንደ አንበሳው ክንፋቸውን ዘርግተው የሚንሳፈፉ አይደሉም። ይሄን ሁሉ ወጪ ያወጣሁት ግን ለአንበሳው ነው። እንዴት እንደምተወው አላውቅም። ለአንድ ሕፃን ብዬ... አየህ፣ ስጽፈው ራሱ ያሳፍራል። አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር? ቀልዱን ተውና ንገረኝ።

አንበሳውን ካልክ ግን ለልጁ የምትነግረው አንተ ነህ። የክርስትና አባቱ አይደለህ? ስላንተ ሲጠይቀኝ ሥራ በዝቶበት ነው እያልኩ ስንት ጊዜ ሸፈንኩህ። አንዴ እንኳ ይሄን ሸክም ያዝልኝ። ከኔ ሲሰማው ክልከላ ነው፣ ካንተ ሲሰማው ግን የባሕር ሰው ምክር ይሆናል። ከትራንዚት ቢሮህ ወጥተህ እግርህን ባሕር ነክረህ እንደማታውቅ አልነገርኩትም።

ሌላው፣ ጨው። ውሃውን በየሁለት ሳምንቱ 60 ሊትር ያህል መቀየር ስላለብኝ ያለኝ አይዘልቅም። እዚያ አንድ ባልዲ የአኳሪየም ጨው ካገኘህ ለምታምነው ሹፌር ስጥልኝ፣ ሒሳቡን እዚህ ለእናትህ አደርሳለሁ። አንድ ሹፌር "ከወደቡ በጀሪካን ባሕሩን ራሱን ላምጣልህ" ብሎኝ ነበር። የመርከብ ዘይት የተንሳፈፈበትን ውሃ! እንዳትሰማው።

ነጋዴው እስከ ዓርብ ድረስ መልስ ይፈልጋል። ማታ ማታ ቤት ነኝ፣ ደውል። መጀመሪያ ስልኩን የሚያነሳው ትንሹ ነው፤ ስለ ቡቺ ሳያስጨርስህ ለኔ አይሰጠኝም።