ያን ሌሊት ባትሪ ይዛችሁ ለወጣችሁ፣ ለታዳጊዎቹና ለወላጆቻቸው

የቤተ ክርስቲያናችን የታዳጊዎች ካምፕ ካለቀ ሁለት ሳምንት ሆነው። የተዘጋው ድምፄ ተከፍቷል። እንቅልፌም ቀስ በቀስ እየተመለሰ ነው። ልጁም ደህና ነው። ስለዚህ አሁን ቁጭ ብዬ ማመስገን እችላለሁ።

ላልሰማችሁ ነገሩ እንዲህ ነው። በሁለተኛው ሌሊት ከመኝታ በፊት ስንቆጥር አንድ ልጅ ጎደለ። 13 ዓመቱ ነው። ደግመን ቆጠርን። ሠለስን። የለም። ለአንድ ሰዓት ተኩል ያህል የት እንዳለ አላወቅንም። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተገኘ። ለምን እንደሄደ የእሱ ጉዳይ ነው፤ እዚህ አልጽፈውም።

መጀመሪያ የማመሰግነው ሹፌራችንን ነው። እኛ ዛፉን ሁሉ በባትሪ እያበራን ስሙን ስንጣራ እሳቸው አልተጣሩም። «የከፋው ልጅ ሩቅ አይሄድም፤ የሚዘጋ በር ነው የሚፈልገው» አሉና ወደ አውቶቡሳቸው ሄዱ። ልጁ የመጨረሻው ወንበር ላይ ኩርምት ብሎ ተኝቶ ነበር። ጋሼ አልቀሰቀሱትም፣ አልተቆጡትም። የፊተኛው ወንበር ላይ ተቀመጡና ደወሉልኝ። «አለ። ቀስ ብለህ ና። እህትህንም ይዘሃት ና» አሉኝ።

እህትህ ያሏት አብራኝ የምታገለግለውን ነው። ስለ እሷ ብዙ የምለው አለኝ። ያኔ ግን ወደ አውቶቡሱ ስንሄድ እኔ ልቤ ውስጥ ስብከት አዘጋጅቼ ነበር። መግቢያ ሁሉ ነበረው። በሩ ጋ ስንደርስ ክንዴን ቆነጠጠችኝ። ገባን፣ ተቀመጥን፣ ዝም አልን። ብዙ ደቂቃ ዝም አልን። በመጨረሻ ልጁ ራሱ «ተናደድክብኝ?» አለ። «አይ፣ ፈርቼ ነበር» አልኩት። ቀና ብሎ አየኝ። «አንተም ትፈራለህ?» ከዚያ በኋላ እሱ ነው ያወራው።

አንድ ይቅርታ እዚህ ላይ ይግባ። ለወላጆቹ የደወልኩት ልጁ መጥፋቱን ካወቅን ከ40 ደቂቃ በኋላ ነው። «አሁን እናገኘዋለን፣ ለምን አስደነግጣቸዋለሁ» እያልኩ። ወዲያው መደወል ነበረብኝ። እናቱ ቢጮሁብኝ ሐቅ ነበራቸው። እሳቸው ግን መጀመሪያ የጠየቁኝ «ሹራብ ለብሷል?» ብለው ነው። እማማ፣ ያችን ጥያቄ አልረሳትም።

እውነቱን ለመናገር ከ14 ወር በፊት ቢሆን ያ ሌሊት በሌላ መንገድ ያልቅ ነበር። ከዚያ በፊት ስድስት ዓመት ያገለገልኩት ከትልልቆቹ ወጣቶች ጋር ነው። «ከ12 እስከ 14 ያሉትን ያዝ» ስባል ከደረጃዬ ዝቅ ያደረጉኝ መስሎኝ አኩርፌ ነበር። የመጀመሪያው ቅዳሜ ለ45 ደቂቃ ትምህርት አራት ነጥብ ይዤ ገባሁ። አሥረኛው ደቂቃ ላይ አንዱ እጁን አወጣ። ደስ አለኝ። «ቲቸር፣ መቼ ነው የሚያልቀው?»

ከዚያ ወደ ሌላው ጽንፍ ሄድኩ። አራዳ ልሁን አልኩ። የእነሱን ቃል ለቃቅሜ፣ ኮፍያ ገልብጬ፣ በሁሉም ነገር እየሳቅኩ። ይህን የገታችልኝ የ12 ዓመት ልጅ ናት። ከፕሮግራም በኋላ ጠጋ ብላ በጣም በትሕትና «ቲቸር፣ እንደኛ ለማውራት አትድከም። ጓደኛማ አለን» አለችኝ። የኔ እናት፣ ስምሽን አልጠራም እንጂ ያን ዓረፍተ ነገር ማስታወሻዬ ላይ ጽፌዋለሁ።

ነርስ የሆኑት የአንዷ ልጅ እናትም አሉ። በጠዋቱ ፕሮግራም ልጆቹ ሲያንቀላፉ እቆጣ ነበር። መቆጣት ብቻ አይደለም፣ የአውጤኪስን ታሪክ በሐዋርያት ሥራ 20 እያነበብኩ አስፈራራቸው ነበር። መስኮት ላይ ተቀምጦ አንቀላፍቶ ከሦስተኛው ደርብ የወደቀውን ማለቴ ነው። እኚህ እናት አንድ ቀን ከኋላ ተቀምጠው ሰሙኝ። ሲወጡ «ጳውሎስ እኮ እስከ እኩለ ሌሊት ነው የሰበከው። ልጁን ትተህ ሰዓቱን እየው» አሉኝ። ከዚያም አስረዱኝ። በጉርምስና ጊዜ እንቅልፍ የሚያመጣው ሆርሞን፣ ሜላቶኒን የሚሉት፣ ማታ ዘግይቶ ነው የሚመጣው። ልጁ በጊዜ ልተኛ ቢልም አይሆንለትም። ከ13 ዓመት ጀምሮ ላሉት ደግሞ የሚመከረው እንቅልፍ ከ8 እስከ 10 ሰዓት ነው። ስንፍና ያልኩት ነገር ተፈጥሮ ኖሯል። ፕሮግራሙን ከጠዋቱ 1 ሰዓት ወደ 4 ሰዓት አዛወርነው። ጥያቄ የሚጠይቁ ልጆች ከየት እንደመጡ አላውቅም፣ ክፍሉ ሞላ።

ስለ ሰውነት ለውጥም ያነቁኝ እኚሁ ናቸው። ጉርምስና ሴቶች ላይ ብዙውን ጊዜ በ8 እና በ13 ዓመት መካከል፣ ወንዶች ላይ በ9 እና በ14 መካከል ይጀምራል። ስለዚህ አንድ ክፍል ውስጥ እኔን የምታህል ልጅና ገና የአንደኛ ደረጃ ተማሪ የሚመስል ልጅ እኩያሞች ናቸው። እኔ ደግሞ ለጨዋታ በቁመት አሰልፋቸው ነበር! ስንቱን እንዳሳቀቅኩ አሁን ሳስበው ያመኛል። ጮክ ብሎ ማንበብንም በተራ ማዘዝ ተውኩ። የንባብ ተራው ሲቃረብ ሁሌ ሽንት ቤት የሚሄድ ልጅ ነበረኝ። ለምን እንደሆነ የገባኝ በአራተኛው ወር ነው። ይቅርታ ወንድሜ። አሁን ማንበብ የፈለገ ብቻ ያነባል።

ወደ እህቴ ልመለስ። ስንጀምር ደንብ ይዛ መጣች። አንድ አዋቂ ከአንድ ልጅ ጋር በተዘጋ ክፍል አይቀመጥም። ሁልጊዜ ሁለት አዋቂ ይኖራል። ማታ ከልጅ ጋር በግል መልእክት መጻጻፍ የለም፤ ወላጆች ባሉበት ግሩፕ ነው። ልጅ «ለማንም አትናገር» ሲል ደግሞ እሺ ብሎ ቃል መግባት ክልክል ነው። ሰው እየጎዳው ከሆነ፣ ወይም ራሱን ሊጎዳ ካሰበ፣ መናገራችን አይቀርም። ያንን ደግሞ ቀድሞ ማወቅ አለበት። እኔ ከፋኝ። «እኔን ነው የምትጠረጥሪው?» አልኳት። «ደንቡ የሚታመነው ሰው ካልጠበቀው የማይታመነውን በምን እንይዘዋለን?» አለችኝ። መልስ አጣሁ። ጋሼ «ይዘሃት ና» ያሉኝም ይህን ደንብ ጉዞ ከመጀመራችን በፊት ለእሳቸውም ስለነገረቻቸው ነው።

ጡረታ የወጡት መምህራችንም ምስጋና ይገባቸዋል። አንዲት ልጅ «ጸልየን ጸልየን አያቴ ለምን ሞተች?» ብላ ጠይቃኝ ነበር። በሁለት ደቂቃ ውስጥ አራት ጥቅስ ሰጥቼ ዘጋሁት። ልጅቷ ሦስት ወር ሙሉ ሌላ ጥያቄ አልጠየቀችም። መምህሩ ሲሰሙ አዘኑ። ልጆች ከ11 እና 12 ዓመት ገደማ ጀምሮ የማይታይ የማይጨበጠውን ነገር ማሰላሰል እንደሚጀምሩ ነገሩኝ፤ ፒያዤ የሚባለው የስዊዘርላንድ ሰው ያስተማረው ነው አሉ። «ዓመፅ አይደለም፣ አእምሮዋ እየሰፋ ነው» አሉኝ። ከዚያ ሉቃስ 2ን ከፈቱ። ጌታ በ12 ዓመቱ በመቅደስ በመምህራን መካከል ተቀምጦ። «ምን ሲያደርግ አገኙት?» አሉኝ። ሲሰማቸውም ሲጠይቃቸውም። ይህን ክፍል ስንት ጊዜ ሰብኬበታለሁ! አንድም ቀን ጥያቄዎቹን ታግሠው ያስተናገዱትን መምህራን አላየኋቸውም ነበር። በሚቀጥለው ቅዳሜ ልጅቷን «ያን ቀን የመለስኩልሽ መልስ አልነበረም። እኔም ለምን እንደሆነ አላውቅም። ስለ አያትሽ ንገሪኝ» አልኳት። ለካ አያቷ ዘማሪ ነበሩ።

የቤተ ክርስቲያናችንን መሪዎችም አመሰግናለሁ። ለካምፑ ፈቅዳችኋል፣ ጸልያችኋል፣ ያ ሌሊት ከሆነ በኋላም ጣት ከመቀሰር ይልቅ ቁጭ ብላችሁ ሰምታችሁናል። (የታዳጊዎቹ ክፍል ግን አሁንም ግማሹ የዕቃ ማከማቻ ነው። ምስጋና ላይ አይነሣም፣ ግን አነሣሁት።)

ታዳጊዎቼ ሆይ፣ እናንተን በመጨረሻ ያደረግኳችሁ ስለምታነቡት አይደለም፤ እንደማታነቡት አውቃለሁ። ወላጆቻችሁ ያነቡላችኋል። ያን ሌሊት ማንም ሳያዛችሁ ተሰብስባችሁ ለጓደኛችሁ ስትጸልዩ ከመስኮቱ ውጭ ቆሜ ሰምቻለሁ። ሲመለስ ደግሞ አንዳችሁም «የት ነበርክ?» አላላችሁትም። ፍራሹን ከመሃል አነጠፋችሁለት። ይህን እኔ አላስተማርኳችሁም።

ቅዳሜ 4 ሰዓት ላይ እንገናኝ። ደግሞ ያን ሌሊት ካከፋፈልናቸው ባትሪዎች ሦስቱ አልተመለሱም። የጋሼ ናቸው። ያላችሁ ይዛችሁ ኑ።