«አንድ መስክ ምረጡ» አትበሉን

ለምርምር ገንዘብ መዳቢው መሥሪያ ቤት የበላይ ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣ ጤና ይስጥልኝ።

በአንድ ትንሽ ዩኒቨርሲቲ አስተማሪ ነኝ። የመምህራኖቻችንን ምርምር የሚዘረዝረው ሪፖርት ከእናንተ ዘንድ ተመልሶ መጥቷል። ዳር ላይ በእስክሪብቶ «ትኩረት የለውም፤ አንድ መስክ ምረጡ» ተብሎ ተጽፎበታል። ለዚህ አስተያየት በግል ከመመለስ በአደባባይ መመለሱን መረጥኩ፤ ምክንያቱም ይህን የሚሰማው የእኛ ዩኒቨርሲቲ ብቻ አይደለም።

ዝርዝሩ ላየው ሰው ግራ ያጋባል፣ አልክድም። አንዱ በአፈር ውስጥ ያለ ፎስፈረስ ይለካል። አንዷ የሌሊት ወፎች የሚሸከሟቸውን ጥገኛ ተሕዋስያን ታጠናለች። የሒሳብ ክፍሉ ሰው የወረርሽኝ ስርጭት በቀመር ያሰላል። ፊዚክስ ክፍል ደግሞ ብርሃናቸው ስለሚለዋወጥ ከዋክብት የሚጽፍ አለ። ባጭሩ ሱቅ በደረቴ ይመስላል።

ግን እንዲህ የሆነው ስለተዘበራረቅን አይደለም። ትንሽ ዩኒቨርሲቲ ሰው የሚቀጥረው በመጀመሪያ ኮርስ እንዲያስተምርለት ነው። ኬሚስትሪ ክፍል ኦርጋኒክ የሚያስተምር አንድ፣ አናሊቲካል የሚያስተምር አንድ፣ ፊዚካል ኬሚስትሪ የሚያስተምር አንድ ሰው ይፈልጋል። ሦስቱም የተማሩት የየራሳቸውን ነው። ትልቅ ዩኒቨርሲቲ በአንድ ርዕስ ላይ አሥር ሰው ቢያሰልፍ የቀረውን ኮርስ የሚይዝለት ሌላ አሥር ሰው አለው። እኛን ግን ሁላችሁም ውኃ አጥኑ ብትሉን ኳንተም ሜካኒክስን ማን ሊያስተምር ነው? ወይም ደግሞ የማናውቀውን እንደምናውቅ አስመስለን ፕሮፖዛል እንጽፋለን። እውነቱን ልንገርዎት፣ «ውኃ» የሚል ቃል ርዕሱ ውስጥ ሰንቅሮ የድሮ ሥራውን የሚቀጥል ሞልቷል።

ሮበርት ጎዳርድን ያስታውሱ። ክላርክ በተባለ ትንሽ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ አስተማሪ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1917 ስሚዝሶኒያን የተባለው የአሜሪካ የምርምር ተቋም ለሮኬት ሙከራው 5,000 ዶላር ሰጠው። በ1920 ኒው ዮርክ ታይምስ ሮኬት አየር በሌለበት ይሠራል ማለቱን በርዕሰ አንቀጹ አላገጠበት። እሱ ግን አልተወውም። መጋቢት 16 ቀን 1926 እ.ኤ.አ. በፈሳሽ ነዳጅ የሚሠራ የመጀመሪያው ሮኬት ተነሣ፤ አየር ላይ የቆየው 2.5 ሰከንድ ያህል ነው። ጋዜጣው ማስተካከያ ያወጣው በ1969፣ ሰዎች ወደ ጨረቃ እየተጓዙ ሳለ ነው። ያኔ ክላርክን «ሮኬት የትኩረት መስካችሁ ነው ወይ?» ብሎ የጠየቀ ቢኖር መልሱ ምን ሊሆን ነበር? አንድ ሰውዬ ብቻውን ይሞክራል፣ በቃ።

ከዚያ ይልቅ እኔን የሚገርመኝ የዶ/ር አክሊሉ ለማ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ የቢልሃርዚያ አስተላላፊ የሆኑትን ቀንድ አውጣዎች ሲያጠኑ አንድ ነገር አስተዋሉ። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ያሉት ቀንድ አውጣዎች ሞተዋል። ከዚያ ከፍ ብሎ ያሉት ደህና ናቸው። ብዙ ሰው አይቶ ሊያልፈው የሚችል ነገር ነው። እሳቸው አላለፉትም፤ የእንዶዱን ፍሬ ወስደው መረመሩ። በ1966 ገና ወጣት በነበረው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ (የአሁኑ አዲስ አበባ) ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በሽታን የሚያጠናውን የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት መሠረቱ። በ1989 ከዶ/ር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበሉ። እንዲህ ያለ ግኝት ከቢሮ በወጣ የትኩረት መስክ ዝርዝር ውስጥ አይገኝም። የሚገኘው ዓይኑ የሠለጠነ ሰው ነገሩ ያለበት ቦታ ሲቆም ነው።

ወሬ ብቻ እንዳይመስልብኝ አንድ ጥናት ልጥቀስ። እ.ኤ.አ. በ2019 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣ ነው። ከ65 ሚሊዮን በላይ የምርምር ጽሑፎችን፣ ፓተንቶችንና የሶፍትዌር ሥራዎችን ተመልክቷል። ትናንሽ ቡድኖች አዲስ መንገድ የመክፈት፣ ትላልቅ ቡድኖች ደግሞ የተጀመረውን የማዳበር ዝንባሌ እንዳላቸው አሳይቷል። ትንሽ ቡድንና ትንሽ ዩኒቨርሲቲ አንድ እንዳልሆኑ አውቃለሁ። ብቻ ገንዘቡን ሁሉ ለትልቅ ቡድን ማፍሰስ አዋጭ አይመስለኝም።

አሁን ወደ ላብራቶሪያችን ይግቡልኝ። አንድ ስፔክትሮፎቶሜትር፣ ማለትም በናሙና ውስጥ ያለውን ነገር በብርሃን የሚለካ መሣሪያ፣ አለን፤ የሁሉም ክፍል ነው። ውስጡ ሁለት አምፖል አለ፤ ለሚታየው ብርሃንና ከእሱ ለሚረዝመው ሞገድ የተንግስተን፣ ለአልትራቫዮሌት የዲዩተሪየም። የዲዩተሪየሙ ተቃጠለ። የአፈሩ ባልደረባችን ፎስፈረስን በ880 ናኖሜትር ስለሚለካ ምንም አልሆነም። የሌሊት ወፏ ባልደረባችን ግን ዲኤንኤ የምትለካው በ260 ናኖሜትር፣ በአልትራቫዮሌት ነው። ቆመች። ልብ ይበሉ፣ ማሽኑ አልተበላሸም፤ የጎደለው አምፖል ብቻ ነው። የእናንተ የበጀት ቅጽ ደግሞ «አዲስ መሣሪያ» የሚል ሣጥን አለው፣ «ጥገናና መለዋወጫ» የሚል የለውም። ስለዚህ አምፖል ለመግዛት ሙሉ ማሽን መጠየቅ አለብን ማለት ነው። ይህን የነደፈው ሰው ላብራቶሪ ገብቶ ያውቃል?

ሌላው የጽሑፍ ቆጠራው ነው። የአንድ መጽሔት ጽሑፎች በአማካይ ስንት ጊዜ እንደተጠቀሱ የሚያሳየውን ቁጥር፣ ኢምፓክት ፋክተርን፣ ያመጣው ዩጂን ጋርፊልድ ነው፤ የሚለካውም መጽሔትን እንጂ ሰውን አይደለም። ሳን ፍራንሲስኮ ላይ እ.ኤ.አ. በ2012 የተነደፈው የምርምር ምዘና መግለጫም በዚህ ቁጥር የአንድን ተመራማሪ ሥራ አትመዝኑ ይላል። እናንተ ግን አሁንም ትቆጥራላችሁ። ውጤቱንም እያየነው ነው። አንዱ ጥናት ሦስት ቦታ ተከትፎ ይታተማል። አስከፍለው በሳምንት የሚያወጡ መጽሔቶች ገበያ ደርቶላቸዋል። በጥሞና አምስት ዓመት የሠራ ሰው በሠንጠረዣችሁ ሰነፍ ይባላል።

ታዲያ ምን እንፈልጋለን? ብዙ ገንዘብ አይደለም። አነስ ያለ፣ በጥቂት ገጽ የሚጠየቅ፣ መስክ የማይመርጥ ድጋፍ ይኑር። ለጥገና አንድ መስመር ይጨመር። አንድ ሰው በሴሚስተር አራት ኮርስ እያስተማረ ምርምር ሲጠየቅ ቢያንስ አንዱ ይቀነስለት። ግምገማው ላይ ደግሞ ከእያንዳንዱ ሰው ሁለት ጽሑፍ ወስዶ የሚያነብ፣ የሙያው ሰው ይመደብ። ደካማ ሥራ ካገኘ ደካማ ነው ይበለን። እሱን አንፈራም።

የሚቀጥለው ዙር የማመልከቻ ቅጽ ከመታተሙ በፊትም ከትናንሽ ዩኒቨርሲቲዎች ሁለት ሦስት መምህራን ጠርታችሁ አሳዩን። የላብ ቴክኒሻን ካገኛችሁ እሱንም ጨምሩ፤ ከሁላችንም በላይ የሚያውቀው እሱ ነው። የትራንስፖርቱን እኛ እንችላለን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
አንድ የትንሽ ዩኒቨርሲቲ መምህር