ቡፌውን ለቁራሌው አትስጪብኝ

ለውድ እህቴ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? የእማዬ ጉልበትስ እንዴት ሆነ? አባባስ ያ ሳል ለቀቃቸው? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር፣ አምላክ ይመስገን፣ ደህና ነኝ።

ለእንቁጣጣሽ ቤቱን ልታሳምሪ አስበሽ የእማዬን ቡፌ፣ አራቱን ወንበሮችና የቆርቆሮ ሳጥኑን ለቁራሌው ልትሰጪ መሆኑን ሰማሁ። እባክሽ እስከ ጳጉሜን ታገሺኝ። የላክሁልሽ ገንዘብ አዲስ ዕቃ አይገዛም፣ አሮጌውን ለማደስ ግን ይተርፋል። እዚህ አሜሪካ እንደ ጉድዊል ባሉ ያገለገለ ዕቃ መሸጫዎች ሰው ቅዳሜ ቅዳሜ እየዞረ የሚፈልገው ልክ እንደ እማዬ ቡፌ ያለውን ነው። «ቪንቴጅ» ይሉታል። የሚፈልጉትም አሮጌ ስለሆነ ብቻ ሳይሆን ሊጠገን የሚችል ስለሆነ ነው። አሁን በየሱቁ የሚታየው አዲስ ቡፌ አብዛኛው ኤምዲኤፍ ነው፤ የተፈጨ እንጨት በሙጫ ተጠፍጥፎ ላዩ ላይ ስስ ሽፋን የተለጠፈበት። ወለል ሲታጠብ እግሩ ውሃ ከጠጣ ያብጣል፣ ካበጠ ደግሞ አይመለስም። ብሎኑም አንዴ ከላላ የሚነክሰው ሥጋ የለውም።

መጀመሪያ መሳቢያውን አውጥተሽ ገልብጪና ያልተቀባውን ጠርዝ እዪ። ከላይ ያለው የእንጨት መስመር ዞሮ ወደ ጠርዙ ከቀጠለ ወጥ እንጨት ነው፤ ዋንዛ ይመስለኛል። ጠርዙ ላይ ንብርብር ከታየሽ ኮምፖርሳቶ ነው። እሱም አይጣልም፣ ግን በብርጭቆ ወረቀት አጥብቀሽ እንዳትፈትጊው፤ የላይኛው ሽፋን በጣም ስስ ስለሆነ ቶሎ ይበሳና ቦታው አይደበቅም።

ከዚያ ነቀዝ መኖሩን አጣሪ። የመርፌ ራስ የሚያህሉ ትንንሽ ቀዳዳዎች ብቻቸውን አያስፈሩም፣ ከብዙ ዓመት በፊት የወጣ ነቀዝ ጥሎት የሄደው ሊሆን ይችላል። ቡፌውን ጠርገሽ ከሥሩ ጥቁር ወረቀት አንጥፊና ሁለት ሳምንት ተዪው። ነጣ ያለ አዲስ ዱቄት ከወረደ ነቀዙ ገና እየበላ ነው ማለት ነው። ለእንጨት ተባይ የሚሸጠውን መድኃኒት በሕክምና መርፌ በየቀዳዳው ስጪው፣ መስኮት ከፍተሽ፣ ጓንት አድርገሽ። እግሩ ላይ የደረቀ የአፈር መንገድ ካየሽ ግን ነቀዝ ሳይሆን ምስጥ ነው፤ ያንን ዕቃ ከቤት አውጪው፣ ወለሉንም መርምሪ።

መሳቢያው አልከፈት ብሎ እንዳስቸገረሽ አውቃለሁ። አናጢ ጠርተሽ እንዳታስልጊው! እንጨት በክረምት እርጥበት ጠጥቶ በጎኑ ይሰፋል፣ በበጋ ይኮማተራል። በነሐሴ የተላገ መሳቢያ በታኅሣሥ ይንገጫገጫል። አሁን የሚያስፈልገው የሚንሸራተትበትን ጠርዝና ሐዲዱን ከአቧራ አጽድቶ በሻማ ቁራጭ አሥር አሥር ጊዜ ማሸት ነው። በጥር አሁንም ከነከሰ ያኔ ይላግ።

ወንበሮቹ ዋናው ሥራ ናቸው፤ ቸኩለሽ እንዳትጀምሪያቸው። የሚወዛወዙት እንጨቱ አርጅቶ ሳይሆን በመጋጠሚያው ውስጥ ያለው ሙጫ ደርቆ ስለተሰነጠቀ ነው። ሰው ሁሉ የሚያደርገው ምስማር መምታት ነው፣ ወንበርን የሚገድለውም እሱ ነው። ምስማሩ ቀዳዳው ውስጥ የሚገባውን የመጋጠሚያውን ምላስ ይሰነጥቀዋል፤ ከዚያ በኋላ ሙጫም አያድነውም። የተመታበት ካለ በጉጠት ንቀዪው። እያንዳንዱን እግርና የሚገባበትን ቦታ በእርሳስ ቁጥር ጻፊበት፣ ሁለት እግር ከተቀያየረ ወንበሩ ፈጽሞ አይቆምም። ከዚያ ጨርቅ ደራርበሽ በቀስታ በመዶሻ እየመታሽ ፍቺው። የጠበቀውን መጋጠሚያ አትንኪ፣ የላላውን ብቻ። አሮጌውን ሙጫ በቢላ ጀርባ ፍቀሽ እንጨቱ ራሱ እስኪታይ አጽጂ፤ ነጩ የእንጨት ኮላ የሚይዘው እንጨት እንጂ አሮጌ ሙጫ አይደለም። የማይለቅ ከሆነ በሞቀ ኮምጣጤ የራሰ ጨርቅ ሩብ ሰዓት አስቀምጪበት፣ አብዛኛው የድሮ ሙጫ ይላላል። ካረጠብሽው ግን አንድ ቀን ሙሉ ይድረቅ።

አሁን ምላሱንም ቀዳዳውንም ስስ አድርገሽ ኮላ ቀቢና ግጠሚ። ሞርሳ የለሽም፣ አያስፈልግሽምም። ገመድ በአራቱም እግር ዙሪያ ሁለት ጊዜ ጠምጥመሽ እሰሪ፣ በገመዱ መካከል አጭር ዱላ አስገብተሽ አዙሪ፤ ገመዱ እየከረረ መጋጠሚያውን ይጨቁነዋል። ዱላው እንዳይፈታ መስቀለኛው እንጨት ላይ አስደግፊው። ገመዱ እንጨቱን እንዳይሰረጉድ በየጠርዙ ካርቶን አድርጊ። ወንበሩን ወዲያው ደልዳላ ወለል ላይ አቁመሽ የሚወዛወዝ እግር እንዳለ እዪ፣ ኮላው ሳይደርቅ ብቻ ነው የሚስተካከለው። የተረፈውን ኮላ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጊ፣ ከደረቀ፣ ኋላ የምትቀቢው ሰም በዚያ ቦታ አይገባም። በበጋ 24 ሰዓት ይበቃው ነበር፣ በክረምት ሁለት ቀን ማንም እንዳይቀመጥበት። ምላሱ ከቀዳዳው በጣም ጠቦ ከ1 ሚሊሜትር በላይ ክፍተት ካለ ኮላ ብቻውን አይሞላውም፤ ከመላጊያ የወጣ ስስ ፍቅፋቂ በኮላ ነክረሽ ምላሱ ላይ ለጥፊና ከዚያ ግጠሚ።

መቀመጫው በአራት ብሎን ነው የታሰረው፣ ከሥር ፍቺው። ሳንቃው 45 በ45 ሴንቲ ነው ካልን 5 ሴንቲ ውፍረት ያለው ስፖንጅ ይበቃል። ጨርቁ በየጎኑ ለስፖንጁ 5፣ ለመታጠፊያ 5 ሴንቲ ይጨመርበት፤ 65 በ65 ይሆናል። ስፋቱ 150 ሴንቲ ከሆነ ጨርቅ አንድ ሜትር ተኩል ገዝተሽ አራቱንም ታወጪያለሽ። ሽሮ ሜዳ ወፍራም የእጅ ሽመና ታገኛለሽ። አሮጌ ጋቢም ያምራል፤ ነጠላ ግን ስስ ስለሆነ ከሥሩ ሌላ ጨርቅ ይፈልጋል። ጥጥ ሲታጠብ ይሰበሰባልና ከመቁረጥሽ በፊት እጠቢው። የጫማ ሠሪ ትንንሽ ምስማር ግዢ፣ ከሳንቃው ውፍረት ያጠረ። አንድ ምስማር በፊት ለፊቱ መሐል፣ ቀጥሎ በኋላው መሐል፣ ከዚያ በግራና በቀኝ መሐል፤ ሁልጊዜ ከመሐል ወደ ማዕዘን እየሄድሽ ነው የምትመቺው። ከማዕዘን ከጀመርሽ መሐሉ ይሸበሸባል። ማዕዘኑ ላይ ጫፉን ወደ ውስጥ ስበሽ አንድ ምስማር ምቺ፣ የቀረውን እንደ ፖስታ ከግራና ከቀኝ እጠፊው።

ለቡፌውና ለወንበሮቹ ቫርኒሽ አትግዢ። ቫርኒሽ ሲላጥ ሁሉንም ፍቆ እንደገና መጀመር ነው፤ ሰም የተቀባ እንጨት ግን በየዓመቱ በላዩ ላይ ይደገማል። የምትፈልጊው 100 ግራም ንጹሕ የንብ ሰምና 400 ግራም የተልባ ዘይት ነው። ከሱቅ ነጭ ሻማ የሚቀልጠው የንብ ሰም አይደለም። ጠጅ ቤት ሰፈፍ ካገኘሽ ይረክስልሻል፤ ከውሃ ጋር አቅልጪው፣ በነጠላ ቁራጭ አጥሊው፣ ሲቀዘቅዝ ሰሙ ከላይ ይረጋል፣ ከሥሩ የተጣበቀውን ቆሻሻ በቢላ ፍቀሽ ጣዪ። ከዚያ ሚዛን ላይ የሚገባው ይህ የነጣውና የደረቀው ነው። የተልባ ዘይት ለቀለም ሥራ ማድረቂያ ተጨምሮበት የሚሸጥ አለ፣ እሱ በአንድ ሁለት ቀን ይደርቃል። ለመብል የተጨመቀውም ይሆናል፣ ግን ሳምንታት ሊፈጅ ስለሚችል በጣም አስሰሽ ቀቢ። የረጋ የፓልም ዘይት ግን አይተካውም፤ አይደርቅም፣ ይሸታል፣ አቧራ ይሰበስባል።

ሰሙን እሳት ላይ አትጣጂው፤ ሊቀጣጠል ይችላል። ድስት ውስጥ ውሃ አፍልተሽ በውስጡ ሰሙን የያዘ ቆርቆሮ አስቀምጪ። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፣ ሰም ደግሞ በ62 እስከ 64 ይቀልጣል፤ ስለዚህ የውሃው ሙቀት ከበቂ በላይ ነው። ሲቀልጥ ዘይቱን ጨምረሽ አማስዪና ከእሳት አውጪ። ቀዝቃዛ ማንኪያ ላይ ጠብ አድርጊ፤ ደንድኖ ከተሰባበረ ዘይት ጨምሪ፣ ከፈሰሰ ሰም። እንደ ለጋ ቅቤ ሲሆን ደርሷል።

ቡፌው ግን መጀመሪያ ይጽዳ። ለብ ያለ ውሃ ላይ ጥቂት የዕቃ ሳሙና ጠብ አድርጊ፣ ጨርቁን አጥብቀሽ ጭመቂና ጥረጊ፣ ወዲያው በደረቅ ተከተዪ። የዕጣንና የከሰል ጭስ ለዓመታት ስለተቀመጠበት ውሃው ሲጠቁር ታያለሽ። ሻካራ ካለ በ220 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት በእንጨቱ መስመር አቅጣጫ ብቻ አሺው፤ መስመሩን አቋርጠሽ ካሸሽው ጭረቱ ከሰሙ በኋላ ጎልቶ ይወጣል። ሰሙን በጨርቅ ጫፍ ወስደሽ ስስ አድርገሽ ቀቢ፣ ግማሽ ሰዓት ቆይተሽ የተረፈውን ሁሉ ጥረጊው፣ በማግስቱ በደረቅ የሱፍ ጨርቅ ወልውዪው። ከሦስት አራት ቀን በኋላ ድገሚው። ከተጣበቀብሽ ብዙ ቀብተሻል፤ ጨርቅ በአኳራጅ (በቀለም ማቅጠኛው) ነክረሽ ጥረጊና በስሱ ጀምሪ።

አሁን የምነግርሽን ግን እንዳትረሺብኝ፣ ለልጆቹም ንገሪያቸው። የተልባ ዘይት የነካው ጨርቅ ተጨማድዶ ቅርጫት ውስጥ አይጣል። ዘይቱ ሲደርቅ ሙቀት ያወጣል፤ ሙቀቱ በጨርቁ እጥፋት ውስጥ ከታፈነ ማንም ሳይለኩሰው ሊነድ ይችላል። ውጭ ዘርግተሽ ጠንክሮ እስኪደርቅ ጠብቂ ወይም ውሃ በተሞላ ጣሳ ውስጥ ንከሪው።

ረከቦቱ ላይ የጀበናው ክብ ምልክት ነጭ ከሆነ እርጥበት በቫርኒሹ ውስጥ ተይዞ ነው፤ የተነፋ አመድ በጥቂት ዘይት ለውሰሽ በጣትሽ በቀስታ አሺውና ጥረጊው። ጥቁር ከሆነ ውሃው እንጨቱ ውስጥ ገብቷል፤ አትታገዪው፣ ዳንቴል አልብሺው።

የእማዬን ዳንቴሎች ነገር ከዚህ ሁሉ በላይ አደራ እልሻለሁ። እንዲህ ያለ የእጅ ሥራ አሁን ማን ተቀምጦ ይሠራል? ቢጫ ሆነዋል ብለሽ በረኪና ውስጥ እንዳትነክሪያቸው። በረኪና የጥጡን ክር ይበላዋል፤ ዛሬ ነጭ ሆኖ ወጥቶ በሚቀጥለው እጥበት በእጅሽ ይበጣጠሳል። ለብ ባለ የሳሙና ውሃ ሌሊቱን ዘፍዝፊ፣ ጠዋት ሳትፈትጊ በመዳፍሽ እየጨመቅሽ ውሃውን ቀይሪ፣ ቢጫው እስኪለቅ ሁለት ሦስት ቀን ድገሚው። ገና እርጥብ ሳለ ፀሐይ ላይ ዘርጊው፣ ፀሐይ ራሷ ታነጣዋለች። እንዲቆም ደግሞ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የበቆሎ ስታርች በጥቂት ቀዝቃዛ ውሃ በጥብጠሽ ግማሽ ሊትር የፈላ ውሃ ላይ እያማሰልሽ ጨምሪ። ሲቀዘቅዝ ዳንቴሉን ንከሪ፣ ጨምቂ፣ በፎጣ በተሸፈነ ፍራሽ ላይ ዘርግተሽ የእያንዳንዱን ቅጠል ጫፍ በማይዝግ ስፒል ውጠሪው። የዛገ ስፒል ቡናማ ነጥብ ይተውበታል፣ አይለቅም። የተቀደደውን አትጣዪ፤ ደህናውን ክፍል ጥቁር ጨርቅ ላይ በጥቂት ስፌት ይዘሽ በፎቶ ፍሬም ግድግዳ ላይ ስቀዪው።

የቆርቆሮ ሳጥኑን ቀለም በደረቁ አትፈትጊው። የድሮ ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ይችላል፤ እዚህ አሜሪካ ለመኖሪያ ቤት የተከለከለው በ1978 እ.ኤ.አ. ነው፣ እኛ አገር ከዚያ ብዙ ዘግይቶ ነው። ብናኙ ለሕፃናት አእምሮ አደገኛ ስለሆነ ልጆቹ ሌላ ቤት ይሁኑ፤ የውሃ ብርጭቆ ወረቀት እያረጠብሽ አሺ፣ ዝቃጩን በጨርቅ ሰብስበሽ ጣዪ። ዝገቱ ከለቀቀ አንድ እጅ ፀረ ዝገት፣ ሁለት ስስ እጅ የዘይት ቀለም። ዝናብ በማይጠበቅበት ረፋድ ላይ ጀምሪ፤ አመሻሽ ላይ የተቀባ ቀለም እርጥበት ይወርድበትና ይደበዝዛል። ላዩ ላይ ፍራሽ ቢጤ አድርጊበት፣ መቀመጫ ይሆናል።

ሰፌዶቹንና ሌማቱን ግድግዳ ላይ ስቀዪ፣ ግን ውሃ አታስነኪያቸው። ስንደዶና አክርማ እርጥበት ከያዙ ይሻግታሉ፤ በለስላሳ ብሩሽ ጥረጊያቸው። መጀመሪያ ወለል ላይ ደርድረሽ ቅርጹን እዪ፤ ትልቁ ከወለል 150 ሴንቲ ገደማ ላይ ይሁን፣ ሌሎቹ በዙሪያው። ብሎኬቱ ውስጡ ክፍት ስለሆነ ምስማር ይለቃል፣ በ6 ቁጥር ፊሸር (ብሎን በሚይዘው የፕላስቲክ መሰኪያ) እሰሪ። ፀሐይ በቀጥታ የሚያገኘው ግድግዳ ቀለማቸውን ያነጣዋል። የቲማቲም ጣሳዎቹን ደግሞ ሥራቸውን በምስማር ሦስት ቦታ በስተሽ በሶብላና ጤና አዳም ትዪባቸው፤ ቀዳዳ ከሌለው ሥሩ ይበሰብሳል።

የተሰነጠቀውን ጀበናም እንዳትጥዪ። ጠባብ ብልቃጥ በውስጡ ካልገባ ውሃው ያንጠባጥባልና በደረቁ የስንደዶ ጭራ አድርጊበት። አደዩን ለብርጭቆ ማሰሮ ተዪው፤ ከውሃው በታች የሚውለውን ቅጠል አራግፊ፣ ውሃውን በየቀኑ ቀይሪ።

ጊዜው እንዳያጥርሽ ጥቁሩን ወረቀት ዛሬውኑ አንጥፊ፣ ወንበሮቹን በዚህ ሳምንት ፍቺ። የመሳቢያውን ጠርዝ በቀን ብርሃን ፎቶ አንሥተሽ ላኪልኝ፤ ዋንዛ ይሁን ዝግባ አይቼ እነግርሻለሁ፣ ሰሙን እስከዚያ አትቀቢ። እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ፣ አባባንም እንደዚሁ።

ናፋቂሽ ታላቅ እህትሽ