ለመቀስ

መቀስ፣

ይህን ስም ስታዪ ወረቀቱን እንዳትቀጂው፣ እደርስበታለሁ።

ለእማማ ለቅሶ አልመጣሁም። ደወልኩ፣ አላነሳሽም፣ ከዚያ አፈርኩ፤ ስፈራ ስቸር ሁለት ዓመት አለፈ። ነፍሳቸውን ይማር። የቀረውን ስንገናኝ እናለቅሰዋለን።

የጻፍኩልሽ በጉልበትሽ ምክንያት ነው። አትሳቂ።

ትናንት ክፍል ውስጥ ሳስተምር ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ ድምፄ አልሰማ ሲል፣ ከፕላስቲኩ አጽም (አንድ እጁ ከጠፋ ቆይቷል) የጭኑን አጥንት ነቅዬ ጠረጴዛ ላይ አቆምኩት። በጉልበት በኩል ያሉት ሁለት ጉብታዎች እኩል ጠረጴዛውን ሲነኩ አጥንቱ ቀጥ አይልም፤ ወደ ውጭ ይጋደላል። ከዳሌ ሲወርድ ወደ ውስጥ ስለሚያዘም ነው። አንዱን እግር ስናነሳ በሌላው የምንቆመው በዚህ ነው፤ የቺምፓንዚ ጭን ግን ቀጥ ያለ ስለሆነ በሁለት እግሩ ሲሄድ ግራ ቀኝ ይወዛወዛል።

ከኋላ ሁልጊዜ የሚያንቀላፋው ልጅ ድንገት፣ "ቲቸር፣ ድንቅነሽ አንጎሏ ትንሽ ከሆነ የሰው ዘመድ መሆኗ በምን ታወቀ?" አለ። ልስመው ነበር! እሷ በ1967 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ከመገኘቷ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ እዚያው አፋር፣ ሀዳር፣ አንድ የጉልበት መጋጠሚያ ተገኝቶ ነበር፤ እንደኛው ያዘመመ። የእሷም ዳሌ አጭርና ሰፊ ነው፣ እንደኛ። የዘሯ አንጎል የእኛን ሲሶ ገደማ ሆኖ ሳለ ከ3 ሚሊዮን ዓመት በፊት ቆመው ይሄዱ ነበር። መራመድ ቀደመ፣ ማሰብ ኋላ መጣ። (አንዳንድ የምናውቃቸው ሰዎች ጋ እስካሁን አልደረሰም።)

ልጁ ግን አልለቀቀኝም፤ "ዛፍስ አትወጣም ነበር?" አለ። አፋር ውስጥ ዲኪካ ስለተገኘችው የድንቅነሽ ዘር ሕፃን፣ ስለ ሰላም ነገርኩት፤ የትከሻዋ አጥንት የነጎሪላን ይመስላል፣ ስለዚህ ሳትወጣ አትቀርም።

ያን አጥንት እንደያዝኩ አንቺ ትዝ አልሽኝ፤ ስትሮጪ ጉልበቶችሽ እየተጋጩ። የአንቺ ትንሽ በዛ እንጂ ሁላችንም እንዲያው ነን። እና... መቀስ የሚለውን ስም ያወጣሁልሽ እኔ ነኝ። 20 ዓመት ሰላም ያላልሽው የጎረቤታችን ልጅ አይደለም። ምስኪን፣ አሁን አዌቱ ወንዝ አጠገብ ሱቅ አለው፤ ስላንቺ ይጠይቀኛል።

ብሔራዊ ሙዚየም ላንቺ ቅርብ ነው። ድንቅነሽን፣ ቅጂዋም ቢሆን፣ ዳሌዋና ጭኗ ጎልቶ እንዲታይ ፎቶ አንስተሽ በቴሌግራም ላኪልኝ። ለሰኞ ነው። ሁለት ኪሎ ቡና በሚመጣ ሰው እልካለሁ፤ ጉቦ አይደለም፤ እሺ፣ ትንሽ ነው።

ለጎረቤታችን ልጅ እውነቱን ማን ይንገረው፣ እኔ ወይስ አንቺ? ማታ እደውላለሁ። አንሺ።