ቅድመ ሁኔታውን አትገልብጪ

ይድረስ ለውድ ልጄ፤

እንዴት ሰነበትሽ? እኛ ደኅና ነን። የመመረቂያ ጽሑፍሽ ስለ ልጆች የአወላለድ ተራና ስለ አለርጂ መሆኑን እኅትሽ ደውላ ስትነግረኝ ደስ አለኝ። ቀጥላ ግን «እኔ ሦስተኛ ልጅ ነኝ፣ ብዙም አያሰጋኝም» እያልሽ ኢንሄለርሽን፣ ያን በአፍ የሚሳበውን የአስም መድኃኒት፣ ዶርም ጥለሽ እንደምትወጪ ነገረችኝ፤ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ርእሱስ መልካም ነው። እንግሊዛዊው የበሽታ ስርጭት ተመራማሪ ዴቪድ ስትራካን በ1989 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት፣ በማርች 1958 በአንድ ሳምንት ውስጥ ከተወለዱና እስከ 23 ዓመታቸው ክትትል ከተደረገላቸው 17,414 የብሪታንያ ልጆች መካከል፣ ታላላቆች ያሏቸው በአበባ ብናኝ አለርጂ የሚያዙት ባነሰ መጠን መሆኑን አሳይቷል። ነገር ግን ቅድመ ሁኔታውን አትገልብጪ። በኮንዲሽናል ፕሮባቢሊቲ፣ ማለትም «አንዱ ከሆነ ሌላው የመሆን ዕድሉ ስንት ነው?» በሚለው ስሌት፣ ዋናው ነገር «ከሆነ» የሚለው ቃል በየትኛው ወገን እንደቆመ ነው፤ ከታማሚዎች ስንቱ በኩር እንደሆነ መቁጠርና ከበኩሮች ስንቱ እንደታመመ መጠየቅ ለየቅል ናቸው። 60 ቤተሰቦች አንድ አንድ፣ 40 ቤተሰቦች ደግሞ ሦስት ሦስት ልጅ አላቸው እንበል፤ ከ180 ልጆች 100ው በኩር ይሆናሉ። አለርጂው ያለ አድልዎ ከየአሥሩ አንዱን ቢይዝ እንኳ ከ18ቱ ታማሚዎች 10ሩ በኩሮች ናቸው፤ በኩርነት ሳይበድል ተከሰሰ ማለት ነው። ስለዚህ እኩል ልጆች ያሏቸውን ቤተሰቦች ለይተሽ አነጻጽሪ።

ያን የመስከረም ሌሊት አንቺ አታስታውሽውም፣ ሕፃን ነበርሽ። ደረትሽ ሲያፏጭ እናትሽ ሐኪም ቤት እንሂድ ብትል፣ «አስም ያለበት ታላቅ ወንድሟ ነው፣ የእርሷ ጉንፋን ነው» ብዬ እስኪነጋ እንጠብቅ አልኩ። መብራት ጠፍቶ ነበርና፣ በተነፈስሽ ቁጥር የአንገትሽ ሥር ሲጎደጉድ በሻማ አየሁት፤ የጎረቤት በር ያንኳኳሁት ከንፈርሽ ከጠቆረ በኋላ ነው። የወንድምሽ መታመም የአንቺን ሥጋት ከፍ እንጂ ዝቅ አያደርገውም ነበር። የሒሳብ መምህሩ አባትሽ ቅድመ ሁኔታውን ሳተ፤ መጠየቅ የነበረበት «አስም ያለበት ወንድሟ ከሆነ» ብሎ ሳይሆን «ደረቷ እያፏጨ ከሆነ» ብሎ ነበር።

አንቺ አትሳቺው። ኢንሄለሩን ዛሬውኑ ቦርሳሽ ውስጥ ክተቺ፤ ጊዜው የሚያልፍበትን ቀን አንብበሽ ንገሪኝ፣ መግዣውን በቴሌብር እልክልሻለሁ። እናትሽ በሶ ልካልሻለች፤ ለውዝ የለበትም፣ ራሷ ቆማ ነው ያስፈጨችው።

አባትሽ